ነፍሷ የወደቀችበት ቦታ

የአምስት ዓመት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ አፏን የምትዘጋው ምን ብታይ ነው? ቡዋቫን ይህን ስትጠይቅ ከርማ መልሱን አጥታዋለች። አሁንም የልጅ ልጇን ማሊን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ የተዋሰችውን የሥዕል መጽሐፍ ትገልጣለች። «ስለ ራሷ አይጠይቋት እማማ፤ ስለ ዳክዬዋ ይጠይቋት» ብላታለች መምህርቷ።

ያልሞከረችው የለም። ልጇ ቪላይ፣ የማሊ እናት፣ ሜኮንግ ወንዝ መታጠፊያው ላይ ሞታ የተገኘች ሰሞን፣ የሕፃኗ ነፍስ ደንግጣ እዚያው ወድቃ ቀርታ ይሆናል ብላ፣ ዓሣ የሚጨለፍበትን መረብ ይዛ ወርዳ እንደ አገሩ ልማድ ነፍሷን ከውሃው ዳር ሦስት ጊዜ ጨልፋላታለች። መረቡን የተሸከመላት አማቿ፣ የማሊ አባት ቶንግዳም ነበር። ነፍሷ ግን አልተመለሰችም።

ቶንግዳም በሩ አጠገብ ሩዙን ከቅርጫቱ እያወጣ በጣቱ እየጠቀለለ ይበላል።

«እማማ፣ ደግሞ ከዳክዬ ጋር ወሬ ጀመሩ?» አለ እየሳቀ። «ኧረ ይተዋት! እናቷ የሦስት ሰው ወሬ አውርታ ነው የሄደችው፤ ቤቱ ትንሽ ይረፍበት።»

«አንተ ሩዝህን ብላ።»

ገለጠች። ዳክዬዋ ትስቃለች። ማሊ ዝም። ገለጠች። ዳክዬዋ ታለቅሳለች። ዝም። በሚቀጥለው ገጽ ዳክዬዋ ቅርጫት ሥር ተሸጉጣ ዓይኗ ብቻ ይታያል። የማሊ ጣት እዚያ ላይ አረፈ።

«እሰይ የኔ እናት! ምን ሆና ነው የተደበቀችው?»

«ፈርታ» አለች ማሊ። ድምፅዋ ሻክሯል።

ቡዋቫን እንባዋ መጣ። ዋጠችው። ልጅቷ ተመልሳ እንዳትዘጋባት ሰግታ፣ በሹክሹክታ፣ «ወንዙን ነው የፈራችው?» አለች።

«ወንዙን አይደለም። እዚህ ነው። ደረጃው ሥር።»

«ደረጃው ሥር ምን ነበር?»

«እናቷ። አባቷ ከላይ ገፋትና ወደቀች። ተነሺ ሲላት አልነሳ አለች። ከዚያ እግሯን ይዞ ወደ ወንዙ ጎተታት።»

ቪላይ የሞተችበት ዕለት የጾም ቀን ስለነበር ቡዋቫን እንደ መንደሩ ባልቴቶች ሁሉ ያደረችው ቤተ መቅደስ ነው። ጠዋት ስትመለስ የቤቱ ደረጃ ከላይ እስከ ታች ታጥቦ አገኘችው። ልጅቷ ሌሊቱን ለጥ ብላ ነው ያደረችው፣ ቪላይ ደግሞ በማለዳ ወደ ወንዝ ወርዳለች አላት ቶንግዳም። እሷም ደረጃውን አይታ፣ «እጅህ ይባረክ ልጄ» ብላ መረቀችው።

የመረቀችበት አፏ አሁን ደረቀባት። ማሊን ወደ ደረቷ አጥብቃ ያዘች። ቀና ብላ ልታየው ፈራች፤ ግን አየችው።

ቶንግዳም የጠቀለለው ሩዝ አፉ ጋ ሳይደርስ እጁ ላይ ቀርቷል። ወደ ሩዙ ቅርጫት መለሰው። ክዳኑን በጥንቃቄ ገጠመ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ተነሣና በባዶ እግሩ ወጥቶ ሄደ።