የተዘለለው ተራ

ፀጉር ቆራጩ ጠዋት ስለ ደነደነ ልብ ሲሰበክ ሰምቶ፣ «ይቺስ ለወንድሜ ናት» እያለ ፀጉር ቤቱን ከፈተ። በአባታቸው ቀብር ላይ ቆራጩ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ፣ ታላቅ ወንድሙ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቆ፣ «አንተ መች ፊደል ቆጠርክና» ብሎ በሰው ፊት አዋርዶታል። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ወንድሙ ይቅርታ ሊለምን በየሳምንቱ እየመጣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ቆራጩም በየሳምንቱ የሱን ተራ እየዘለለ ሌላ ሰው ይጠራል።

«ቀጣይ» አለ ዛሬም።

«ኧረ ተራው የወንድምህ ነው» አለ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ። «ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ የለም እንዴ?»

ቆራጩ ቢያይ ከልብስ ሰፊው አጠገብ ማንም የለም። «ደግሞ መቀለጃ አደረጋችሁኝ» አለ።

የመላጫው ወንበር ሲጥ ብሎ ዝቅ አለ።

«ወንድሜ፣ ታምሜያለሁ። ሳልሞት ማረኝ» አለ የወንድሙ ድምፅ፣ ከባዶው ወንበር ላይ።

ቆራጩ ከወንበሩ ሸሸት አለ። «ምሬሃለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። አፉ አለ እንጂ ልቡ ንቅንቅ አላለም። ምስክር እንዲሆነው ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ።

አግዳሚው ላይ አሁን እሱም አልታየውም።

«እሰይ» አለ የልብስ ሰፊው ድምፅ ከዚያው ከአግዳሚው። «ታዲያ እቀፈው እንጂ፣ እጁን ዘርግቶልህ የለ?»