አሮጌዋ ሞርሳ

የመድኃኒቱ ክዳን አልዞር አላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዛገ ብሎን ስትፈታ የኖረች መካኒክ፣ አንድ ሚጢጢ ክዳን አቃታት። የጡት ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይመጣ በየቀኑ የምትውጠው ይኸው ኪኒን ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿንና ጉልበቷን እንዲህ ግትር አድርጎ የሚይዘው።

«አምጪው እማዬ፣ እኔ ልክፈትልሽ፤» አለቻት ልጇ የጋራዡን በር እየከፈተች። «ሐኪሙም ኪኒኑን ካልቻልሽው ይቀየርልሻል ብሏል እኮ።»

«ካልቻልኩት ነዋ! ማን አልቻልኩም አለ?»

እግሯን እየጎተተች ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄደች። ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ በታሰረችው ብረት መያዣ፣ በአሮጌዋ ሞርሳ መንጋጋ ውስጥ ከተተችና እጀታውን በክርኗ ገፍታ አጠበቀችው። ክዳኑን በፒንሳ ነክሳ ይዛ፣ በትከሻዋ ተጭና ጠመዘዘችው። ቋ ብሎ ተከፈተ። ኪኒኗን ያለ ውሃ ዋጠቻት።

ልጇ ብልቃጧን ልታወጣ እጇን ስትሰድ በዓይኗ መለሰቻት።

«ተያት፣ እዚያው ትቀመጥ። ይቺ ሞርሳ ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ናት፤» አለች፣ የቱታዋን እጅጌ በጥርሷ እየሰበሰበች። «ይሄን ኪኒን ገና አራት ዓመት እውጠዋለሁ፤ አብረን ነን። ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው እናያለን።»