ጎርፉን የጠራው ማን ነው

ዙቤዳ የወፍጮውን ሞተር አጠፋችው። የኩብራ ማሽላ ገና ተፈጭቶ አላለቀም። በሞተሩ ጩኸት ላይ ሲጯጯሁ የቆዩት ሴቶች ድምፃቸው በድንገት ራቁቱን ቀረና አፍረው ዝም አሉ።

"እስቲ አሁን ድገመው፤ ሁሉም ይስማው" አለችው ወንድሟን።

በሽር በሩ ላይ ቆሟል። ሚስቱ ኩብራ የምታስፈጨውን ሊጭን አህያ ይዞ የመጣ ነው። "ምን አልኩ?"

"ጎርፉን የጠራችው ዙቤዳ ናት አልክ። ኢንሹራንስ ገብታ መዓቱን የጋበዘችው እሷ ናት አልክ።"

"እኔ ብቻ ነኝ እንዴ እትዬ? አገር የሚለው ነው።"

እውነቱን ነው። ዙቤዳን ያንገበገባትም ይኸው ነበር። አምና ግንቦት የኢንሹራንስ ሠራተኛው ገብረአብ ከደብረ ብርሃን መጥቶ አሊዩ አምባን ቤት ለቤት ሲዞር እሺ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ የእሷን ወፍጮ፣ የበሽርን ሱቅ ከነመኖሪያ ቤቱ፣ ሌላም አራት ቤት ጠራርጎ ወሰደ። እሷ ካሳዋን ተቀብላ አዲስ ወፍጮ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ተከለች። ሌሎቹ ወሬ ተከሉ። በሽር ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር እሷ ቤት ተጠግቶ ከረመ፤ ውሃው ሲጎድል ሱቁንም ቤቱንም እዚያው ወንዙ አፍ ላይ መልሶ ሠራ።

ዛሬ ገብረአብ እንደገና መጥቷል። ክረምቱ ሳይገባ ሰዉን ሊመዘግብ ከላይ ከጎረቤላ ከተማ ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግሩ ወርዶ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከወፍጮው ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ፎርሙን በድንጋይ አስይዞ ተቀምጧል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በድምፅ ማጉያ ለፍፎለታል፤ ሰው ግን ሊቀመንበሩ የጠራበትን ነገር ሁሉ መሸሽ ስለለመደ በሩቁ እየዞረ ያልፋል።

"ያን ሰውዬ ቀርባችሁ ሳትሰሙ ዛሬ እዚህ ቤት እህል አይፈጭም" አለች ዙቤዳ።

"አላህ የጻፈውን ወረቀት ይመልሰዋል?" አለ በሽር።

"ታዲያ አህያህን ለምን አሰርካት? አላህ አይጠብቃትም?"

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። የበሽር ፊት ጠቆረ። "በሰው ፊት አታዋርጂኝ።"

"ያን ሁሉ ወር ልጆችህን እኔ ሳበላ አልተዋረድክም። አሁን ተዋረድክ?"

ከአፏ እንደወጣ መክበዱ ታወቃት። ቢሆንም አልመለሰችውም።

ኩብራ ዱቄቱን ከነጠላዋ አራገፈችና ወጥታ ወደ ግራሩ ሄደች። ስትመለስ ገብረአብ ፎርሙንና የጣት ቀለሙን ይዞ ይከተላታል።

"ሱቁ በማን ስም ነው?" አለ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

"የንግድ ፈቃዱ በእሱ ስም ነው" አለች ኩብራ።

"እንግዲያው መፈረም ያለበት እሱ ነው።"

ኩብራ ወረቀቱን ተቀብላ ባሏ ፊት ዘረጋችው። ስትናገር ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"ውሃው ሲመጣ ልጆቹን አንድ በአንድ ተሸክሜ ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንተ ከሱቁ ጨው ታወጣ ነበር።"

ዙቤዳ ይህን ሰምታ አታውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ኩብራ ትንፍሽ አላለችም። ዙቤዳ በበሽር ከማንም በላይ የተናደድኩት እኔ ነኝ ብላ ታስብ ነበር። ወንድሟን አየችው። ጎርፉን የጠራ ሌላ ሰው ለምን እንዳስፈለገው ገባት።

በሽር ማንንም አላየም። አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነከረ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫነ።

"ይበቃል፣ ታትሟል" አለው ገብረአብ።

በሽር ጣቱን አላነሳም።