ከእማወራዎች መዝገብ የጠፋው ስም

በክሪ ሉባባን በደላት። ፍየሎቿን ቀማት፤ ያውም ገና ሳትረከባቸው።

ተዳፋት መሬታቸው ላይ እርከን ለሠሩ ገበሬዎች መንግሥት ሦስት ሦስት ፍየል ሊሰጥ ነው ተባለ፤ መጀመሪያ ለእማወራዎች፣ ቀጥሎ ለአባወራዎች። ሉባባ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፏል፤ እርከኗም ወደ መሰላ በሚወስደው መንገድ ለሚያልፍ ሁሉ ይታያል። ዘንድሮ ማሽላዋን ድርቅ ስለበላው ከፍየሎቹ ሌላ ተስፋ የላትም። ስሟን የመዘገበው የቀበሌው ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ጎረቤቷ በክሪ ነው።

የእማወራዎቹ ዝርዝር ሲለጠፍ ግን ስሟ የለም።

"ድሮስ!" አለች መይሙና፣ የታችኛዋ ጎረቤት። "ከረመዳን ወዲህ የእርከንሽን ድንጋይ ሲጠግን አላየሽም? ሰው በነፃ ድንጋይ አይሸከምም። ዓይኑ መሬትሽ ላይ ነው።"

ሉባባ ነገሩ ገባት። ሰውየው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንኳን የሰው እርከን የራሱን አጥር ጠግኖ አያውቅም ነበር። አሁን ደግሞ ጺሙን ሂና መቀባት ጀምሯል። የሰው ፍየል የበላ ፊቱ ይወዛል ማለት ይሄ ነው።

ሄዳ ደጁ ላይ ቆመች።

"አንተ በክሪ! ስሜን የት አደረስከው?"

"ወላሂ አልጠፋም፣ ሉባባ። ተቀምጧል።"

"የት?"

"ትንሽ ታገሺኝ። ሰው ልኬ አስነግርሻለሁ።"

"ለምን ሰው ትልካለህ? የራስህን ምላስ ፍየሎቼ በሉት?"

በክሪ አንገቱን ደፋ። እሷ ባጃጅ አስቁማ "ግባ!" አለችው። ቺሮ ከተማ፣ ግብርና ቢሮ እስኪደርሱ እሷ ስትሰድብ፣ እሱ ላቡን ሲጠርግ መንገዱ አለቀ።

ቢሮው ውስጥ መዝገብ የምትይዘው ሰልዋ የምትባል ልጅ ናት።

"አዴ ሉባባ፣ ይረጋጉ እስቲ። ሲመዘገቡ ምን ተጠየቁ?"

"ምን ያልተጠየቅኩት አለ! የመሬቴን ስፋት፣ የእርከኔን ርዝመት፣ የጫማዬን ቁጥር..."

"የእኛ ፎርም የጫማ ቁጥር አይጠይቅም።"

"ኧረ ጠይቋል! ሠላሳ ስምንት ብዬ አስጽፌያለሁ!"

ሰልዋ በክሪን አየት አደረገችው። የእማወራዎቹን መዝገብ ዘጋችና ወፍራሙን የአባወራዎች መዝገብ አወጣች። ገለጥ ገለጥ አድርጋ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና መዝገቡን ወደ ሉባባ አዞረችው።

ሉባባ አነበበች። ደግማ አነበበች። በክሪ ጣሪያውን ያያል፤ ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

"በል ሚስትህ አድርገህ ከጻፍከኝ አይቀር፣ ሽማግሌም ላክ፤ ፍየሎቹ ግን በእኔ ስም ይሁኑ!"