የዘንገና ጭቃ

አንዲት እናት በደረቀው ምንጭ አፋፍ ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ሰባተኛ ችግኝ ልትተክል ስትቆፍር፣ ከዘንገና ሐይቅ ወለል የወጣ ጭቃ የሞላበት ረጅም ቱቦ የተሸከመች ተመራማሪ ሽቅብ መጥታ አጠገቧ አረፈች። እናትየው መቆፈሪያዋን ተደግፋ ቆመች። ወገቧ ዝሏል። ምንጩ ከደረቀ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ልጇም ከሩቅ ውሃ እየቀዳች ትምህርት ቤት ታረፍዳለች። መሬቱ ከሚባክን ችግኞቹ አድገው ከሰል ሲሆኑ ለልጇ ደብተር መግዣ ይሁን ብላ ነው የምትተክለው።

"ለጭቃ ነው ይህን ያህል የደከምሽው? ከደጄ አፍሼ እሰጥሽ ነበር" አለቻት።

ተመራማሪዋ ሳቀችና በቱቦው ውስጥ ጥፍር የምታህል ጥቁር መስመር አሳየቻት። "ከሰል ነው፣ እትዬ። ድሮ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት፣ እዚህ የነበረው ደን ተቃጥሏል። ከመስመሩ በላይ ያለው ጭቃ ደግሞ ደኑ ተመልሶ እንደመጣ ይናገራል።"

"ማን ተከለው?"

"ማንም። ሰው ሲተወው ራሱ በቀለ። ምንጮችም አብረው ሳይመለሱ አልቀሩም።"

"በስንት ዓመት?"

"ወደ ሁለት መቶ።"

"የእኔ ልጅ ውሃ የምትፈልገው ለዛሬ ማታ ነው።"

ተመራማሪዋ ቱቦዋን ተሸክማ ሄደች።

እናትየው የጀመረችውን ጉድጓድ መልሳ ደፈነች። ከዚያ መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ በምንጩ ዙሪያ መሬት ላይ ዘረጋችው። የተከለቻቸውን ስድስት ችግኞች ከነአፈራቸው እያነሳች ከመቀነቱ ውጭ አዛወረቻቸው። ደኑ ራሱ እንዲበቅልበት በመቀነቱ ውስጥ ባዶውን የተተወው መሬት፣ ቢተከልበት የልጇን የአንድ ዓመት ደብተር የሚገዛ ነበር።