ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬስ?

ፕሮግራመሮቹ ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርተው ይቆሙና እያንዳንዳቸው ትናንት የሠሩትንና ዛሬ የሚሠሩትን ይናገራሉ። የዚያን ቀን አለቃቸው የመጣው ተናዶ ነበር። ካርዱ በሩን አልከፍት ብሎት በሌላ ሰው ኋላ ተከትሎ ነው የገባው፤ ኮምፒውተሩም የይለፍ ቃሉን አልቀበልም ብሎታል።

ተራው ከቤት ለሚሠሩት ሲደርስ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለው ስፒከር አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ድሮ አብሯቸው ይሠራ የነበረ የአንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አለቃው የደንበኞችን መረጃ በገዛ እጁ አጥፍቶ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ጥፋቱን ያላከከው በዚህ ልጅ ላይ ነው። ልጁ ተዋርዶ ተባረረ፤ ዓመት ሳይሞላውም ተቀበረ።

«ትናንት የአለቃን ካርድና የይለፍ ቃል አጠፋሁ» አለ ድምፁ፣ እንደ ድሮው ረጋ ብሎ። «ዛሬ የቀረውን አጠፋለሁ።»

«ጎበዝ፣ በርታ» አለች ስብሰባውን የምትመራው ልጅ። ሌሎቹም እንደ ወትሮው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የምን ጎበዝ ነው! ሞቷል እኮ!» ብሎ አለቃው ጮኸ። አንድም ሰው ዞር አላለም።

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። «አለቃ ዛሬ ቀረ ማለት ነው? በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ክፍተት አትተዉ» አለችና መጥታ እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመች።