እትዬ የጨመረችው ሪፖርት

ሃያ ዓመት ሙሉ በስልክ «ሁሉም ደህና ነው» ከማለት ሌላ የማያውቅ ሰው፣ ገንዘባችሁ በእጁ ቢሆን፣ ታምኑታላችሁ?

እትዬ አላመነችም። ከሰው አገር በተመለሰች በሳምንቱ ከወንድሟ ሱቅ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዘች፤ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «የአባታችንን ሒሳብ አምጣ» አለችው።

«የአባታችን ሒሳብ» የሚሉት አባታቸው ለሦስት ልጆቹ እኩል ትቶት የሞተውን ነው፤ የሳሙና ፋብሪካ አክሲዮንና የአንድ መጋዘን ድርሻ። ወንድሟ ያስተዳድራል፣ ትርፉ ሦስት ቦታ ይከፈላል። የእሷ ድርሻ በየወሩ ባሕር ማዶ ሲላክላት ኖሯል። በዚያ ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍላለች፣ መጽሐፍ ገዝታለች፣ ሁለት አለቆችን ፊት ለፊት ሰድባ ሥራ ለቃለች። «የሰው እጅ አይቼ አላውቅም» ትላለች፤ ከዚህ የበለጠ የምትኮራበት ነገር የላትም። አሁን የምትፈልገው ድርሻዋን አውጥታ፣ የራሷን ትንሽ ቤት ገዝታ፣ ማንንም «እንደምን አደርክ» ሳትል መሞት ነው።

ወንድሟ ፋይሉን ሰጣት። ሒሳቡን የሚይዝበት ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ፣ ውስጡም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው፤ የቻለ ሰው የጎደለውን ይጨምርበታል። የእትዬ ሙያ ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ ነበር።

ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው ሪፖርት አልጣማትም። አክሲዮኑን የሚያሳየው ያን ጊዜ በተገዛበት ዋጋ ነው፤ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ትንፍሽ አይልም። ለእሷ የተላከውንም በአንድ ድምር ጠቅልሎ ያልፈዋል።

«ይሄ ሪፖርት አይደለም፣ መጋረጃ ነው» አለች። «የራሴን እጽፋለሁ። የእያንዳንዱ ንብረት የዛሬ ዋጋ፣ የተላከልኝ ገንዘብም ከየትኛው ሒሳብ እንደወጣ።»

«በነጻ የተገኘ ነገር ነው እትዬ። ብትነካኪው ይበላሽብናል።»

«በነጻ ስለሆነ ነው የምነካው። የተገዛ ቢሆንማ ቆልፈህ ትይዘው ነበር። ደግሞ ይሄ ፕሮግራም እያንዳንዱ ሳንቲም ከየት እንደወጣ ካልተነገረው አይቀበልም። እዚያ ላይ ነው የምይዝህ።»

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህታቸው መጣች። ወንድምየው እንደጠራት ግልጽ ነው።

«እትዬ፣ ተይው እባክሽ። የምትፈልጊውን ንገሪንና እናድርግልሽ።»

«የምፈልገውማ ምንም እንዳታደርጉልኝ ነው።»

«ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ።»

«ያንቺንስ መርፌ አጥፍቶት የለ? የእኔ ቢያንስ በምክንያት ይጠፋል።»

ታናሽየዋ ወንድሟን አየችው። እሱ ወለሉን አየ። እትዬ ሁለቱንም አየች።

ብዙ ያነበበች ሴት ናት። ገንዘባቸውን ቀብረው ቡቱቶ የሚለብሱ ሰዎችን ከመጽሐፍ ታውቃቸዋለች። ወንድሟ ሰፊውን ቤቱን ሸጦ ከሱቁ በላይ ባለች አንድ ክፍል መግባቱ፣ የሱቁን ግማሽ ማከራየቱ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ መጣፉ፣ ታናሽየዋም በዚህ ዕድሜዋ የሰው ሱሪ ማሳጠሯ፣ ሁሉም ለእሷ ሲባል የተዘጋጀ ቲያትር መሰላት።

«ጥሩ ትተውናላችሁ» አለቻቸው። «ብቻ ልብሱ ላይ አበዛችሁት።»

ሪፖርቱ በቀላሉ እሺ አላለም። መጀመሪያ ባዶ ገጽ ወጣ። ከዚያ የሁለቱ ንብረቶች ስም ብቻ መጣ፣ ዋጋ የለም፣ ምን የለም። እትዬ ኮዱን ከላይ እስከ ታች እያነበበች ረገመችው፤ እንደገና ጻፈችው። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ «ሠራ እንዴ?» ሲል ጠየቃት። «አልሠራም» ስትለው ፊቱ ፈታ ሲል አየችው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

እሑድ፣ ሱቁ በሚዘጋበት ቀን፣ ኮዱን አስተካክላ ጨረሰችና ሁለቱንም ጠርታ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

«እትዬ» አለ ወንድሟ፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ። ሪፖርቱን አታውጪው። ድርሻሽን እኔ በቁርጥ እከፍልሻለሁ።»

«ከየትኛው ገንዘብ?»

«እሱን ለእኔ ተይልኝ።»

«ሃያ ዓመት ተውኩልህ።»

«በቃ ይቅር ተባባሉና እንደ እህትና ወንድም እንኑር» አለች ታናሽየዋ።

«መጀመሪያ ይነበብ» አለች እትዬና ኮምፒውተሩን አዘዘችው። ሪፖርቱ ወጣ። ጮክ ብላ አነበበች።

«የሳሙና ፋብሪካ። የዛሬ ዋጋ፣ ዜሮ። መጋዘን። የዛሬ ዋጋ፣ ዜሮ።» ቀና አለች። «ሁለቱንም ቅርጥፍ አድርጋችሁ በላችኋቸው።»

«ፋብሪካው ከሰረ» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። «መጋዘኑን ዕዳው ወሰደው። አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ዓመት።»

«ውሸታም። ታዲያ በየወሩ ስትልክልኝ የኖርከው ከየት መጣ?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሪፖርቱ ተመለሰች። ራሷ በጨመረችው ዓምድ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ወር ትይዩ፣ በወንድሟ ቁጥብ አጻጻፍ ተደርድሯል፤ የሱቄ ገቢ። የእህቴ ስፌት። የሱቄ ገቢ። የእህቴ የጆሮ ወርቅ። የቤቴ ሽያጭ። የቤቴ ሽያጭ። የእህቴ ስፌት።

እትዬ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

«ለካ የሰው እጅ ስታሳዩኝ ነው የኖራችሁት። ማናችሁንም ይቅር አልልም» አለች።